ተከራይን ለአከራይ የሚያቀርብ የድለላ ቢሮ በከዚራ፤ የአገልግሎቱ ግምገማ

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከቀድሞው የባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎን አነስተኛ የቤት ድለላ ቢሮ አለ። የከተማዋ ደላሎች በአብዛኛው ቤት አሳይተው፣ ዋጋ አስማምተው፣ ኮሚሽናቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ይህ ቢሮ ግን ከዚያ አልፎ ተከራዩን ራሱን አዘጋጅቼ ለአከራይ አቀርባለሁ ይላል፤ ማስረጃዎቹን በአንድ ፋይል ያደራጅለታል፣ አከራዩ ምን ምን እንደሚጠይቀው አስቀድሞ ይነግረዋል፣ በሩ ላይም አብሮት ቆሞ ይመሰክርለታል። በሥራ ዝውውር ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደ ከተማዋ በመጣሁ ጊዜ አገልግሎቱን ተጠቅሜ ሳቢያን ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይቻለሁ። የቢሮውን ስም የማልጠቅሰው የምነቅፈው ነገር በሌሎችም ዘንድ የሚታይ በመሆኑ ነው። ፍርዴን ሳላቆይ ልናገር፤ ሰውን በአከራይ ዓይን ተመራጭ የማድረግ ሥራውን ከጠበቅሁት በላይ ያውቅበታል፣ ውል የሚፈረምበት ሰዓት ሲደርስ ግን ያንኑ ሰው ብቻውን ይተወዋል።

እንዲህ ያለ አገልግሎት ገበያ ያገኘው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከሌላ ቦታ የሚመጣ መምህርና ሠራተኛ አልተቋረጠም፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተከፈተ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ነጻ የንግድ ቀጠናው ተመረቀ። ባንኩ፣ ትራንዚቱ፣ ጉምሩኩ፣ ሆስፒታሉ ሁሉ ከውጭ የሚመደብ ሰው ያመጣል። የሚመጣው ሰው ሁሉ ደግሞ የሚፈልገው ተመሳሳይ ቤት ነው፤ ውሃ የማይጠፋበት፣ ኮርኒስ ያለው፣ ነፋስ የሚገባበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ግቢ ያለው። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ያሉትን የድሮ ቤቶች አይቶ የሚጎመጅ አዲስ ገቢ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ከእነርሱ ውስጥ ብዙዎቹ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በመንግሥት እጅ የገቡ ስለሆኑ ለግለሰብ ኪራይ በነጻነት አይቀርቡም። ስለዚህ ፈላጊው ሁሉ ፊቱን ወደ ሳቢያን፣ ወደ ገንደ ቆሬ፣ ወደ ለገሃሬና ወደ አዲስ ከተማ ያዞራል። እዚያም ቢሆን ጥሩ ቤት ማስታወቂያ አይወጣለትም። ተከራዩ ሊለቅ ነው የሚለው ወሬ ገና ዕቃው ሳይጫን በጎረቤት፣ በዕድርና በመስጊድ በኩል ይደርሳል፤ ቤቱም ለሚታወቅ ሰው ይሰጣል። እንግዳ የሆነ ሰው የጎደለው ገንዘብ ሳይሆን «አውቀዋለሁ» የሚልለት ሰው ነው። ቢሮው የሚሸጠው ይህንን ነው።

ምዝገባው እንደጠበቅሁት የስምና የስልክ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። መዝገቡን የያዘችው ወጣት አስቀምጣ ረዘም ያለ ጥያቄ ጠየቀችኝ። በቤቱ ውስጥ በቋሚነት የሚኖረው ስንት ሰው ነው፤ ከክፍለ ሀገር እየመጣ የሚሰነብት ዘመድ አለ ወይ፤ መኪና አለን ወይ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንጠቀማለን ወይ፤ ቅዳሜና እሑድ ቤታችን የበርጫ ጓደኛ ይሰበሰባል ወይ፤ ደመወዝ በስንት ቀን ይገባል። አንዳንዱ ጥያቄ የሰው ጓዳ መግባት መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር፤ በኋላ ግን ቤት እያየን ስንዞር አከራዮቹ የጠየቁት በሙሉ ከእነዚሁ ጥያቄዎች ውስጥ ሆኖ አገኘሁት። የጫት ጥያቄው በተለይ የከተማውን ጠባይ የሚያሳይ ነው። በሌላ ከተማ አከራይ «ትቅማላችሁ ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ ድሬዳዋ ላይ ግን መቃሙን የሚጠይቅ አላገኘሁም፤ የሚጠየቀው ስንት ሰው እንደሚመጣና ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወጣ ነው።

ከዚያ ፋይሉ መጣ። ቢሮው የሚያሰባስበው የፋይዳ መታወቂያ ቅጂ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የቅርብ ወራት የባንክ መግለጫ፣ በከተማው የሚኖር አንድ ዋስና የቀድሞ አከራይ ምስክርነት ነው። በላዩ ላይ አንድ ገጽ ማጠቃለያ ይደረግበታል፤ ማን እንደሆንን፣ ምን እንደምንሠራ፣ ስንት እንደሆንን፣ ከመቼ ጀምሮ ቤቱን እንደምንፈልግና ምን ያህል ጊዜ ለመቆየት እንዳሰብን በቀላል አማርኛ ይጻፋል፤ አማርኛ ማንበብ የማይቀናቸው አከራዮች ሲያጋጥሙ ደላላው በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ በቃል ያስረዳል። ይህ ገጽ የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። አከራይ ብዙ ሰው ይመጣበታል፤ ማታ ከልጆቹ ጋር ሲመክር ማን ማን እንደነበር ይደባለቅበታል፤ በእጁ ወረቀት ትቶለት የሄደው ሰው ግን አይረሳም።

ስለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤው የሰጡኝ ምክርም በሥራ የተገኘ ዕውቀት መሆኑ ያስታውቅ ነበር። መጀመሪያ ያመጣሁት ደብዳቤ «የመሥሪያ ቤታችን ባልደረባ መሆናቸውን እንገልጻለን» ከማለት ያለፈ አልነበረም። እነርሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆኔ፣ የተመደብሁበት ቀን፣ የተጣራ ደመወዜና በየወሩ የሚከፈልበት ጊዜ እንዲጻፍ አስደረጉ። ምክንያታቸውን ሲያስረዱ አከራይ ከደመወዙ ብዛት ይልቅ የሚገባበትን ቀን ይፈልጋል አሉኝ፤ በትልቅ ገቢ የሚኖር ነጋዴ ሦስት ወር ሊያቆይ ይችላል፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዙን የሚያገኝ መምህር ግን አያቆይም ብለው ያስባሉ። ነጋዴዎች በዚህ አባባል ቅር እንደሚላቸው አልጠራጠርም፤ ያነጋገርናቸው አከራዮች ግን በእርግጥ የሚያስቡት እንደዚያ ነው።

የቀድሞ አከራይ ምስክርነት ከሁሉም የበለጠ ዋጋ ያለው ወረቀት ሆኖ አገኘሁት። አብዛኛው ሰው ቤት ሲለቅ ቁልፉን አስረክቦ፣ ተሰነባብቶ ይሄዳል። ቢሮው ግን የቀድሞ አከራዬን ሦስት ነገር ብቻ በአጭሩ እንዲጽፉልኝ እንድጠይቅ ነገረኝ፤ ኪራይ በሰዓቱ መክፈሌን፣ የመብራትና የውሃ ዕዳ ሳልተው መውጣቴን፣ ቤቱን በደኅና ሁኔታ ማስረከቤን። ፈርመው፣ ስልካቸውን ጽፈው ላኩልኝ። ያሁኗ አከራያችን በፋይሉ ውስጥ ካሉት ወረቀቶች ሁሉ ተሻግረው ያነበቡት ይህን ነው፤ ወዲያውም ደወሉ። ቤት የሚለቅ ሰው ሁሉ ይህችን ወረቀት ሳይዝ ባይወጣ ጥሩ ነው።

በአንጻሩ የባንክ መግለጫው ጉዳይ አልጣመኝም። አንድ ሰው የት እንደሚገዛ፣ ለማን ገንዘብ እንደሚልክ፣ ማንን እንደሚረዳ የሚያሳይ ወረቀት በደላላ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥበት በቂ ምክንያት አይታየኝም። ደመወዝ የገባባቸው መስመሮች ብቻ ታይተው ቢበቃ ነገሩ በተጠናቀቀ ነበር። ይህንኑ ስናገር ሥራ አስኪያጁ «አብሽር፣ እዚህ ከኛ ጋር ነው የሚቀረው» አሉ። እኔን ያሳሰበኝም እዚያው መቅረቱ ነው። በቅጹ ላይ «ሃይማኖት» የሚል ዓምድም አለ። ድሬዳዋ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ፣ በአንድ የውሃ ቧንቧ ዘመን የቆጠሩባት ከተማ ናት፤ ጥቂት አከራዮች ይህን ቢጠይቁም እንኳ ቢሮው አስቀድሞ በቅጽ አዘጋጅቶ ማቅረቡ የጥቂቶቹን ልማድ የሁሉ ደንብ ማድረግ ነው። ዓምዱን ባዶ ተውሁት፤ ያነሳብኝ ሰው የለም።

ወደ አከራይ በር የምንሄድበትን ሰዓት የሚወስነው ቢሮው ነው፤ በዚህ ረገድ ልምዳቸውን ማመስገን ይገባል። ከሰባት እስከ አሥር ሰዓት ባለው ጊዜ በምንም ምክንያት በር አያንኳኩም፤ በዚያ ሙቀት ከተማው የሚያርፍበት ወይም ምርቃናው ላይ የሚሆንበት ሰዓት ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ ቀጠሮ አይዙም፤ በረመዳን ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት አይሄዱም። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት፣ ወይም ፀሐይ በረድ ካለ በኋላ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ያስኬዳሉ። ባልና ሚስት አብረን እንድንሄድ፣ ከልጆቹም ቢያንስ አንዱን እንድንይዝ መከሩን። ልጅ ማምጣት የሚጎዳ መስሎኝ ነበር፤ ምክንያቱም ልጅ ያለውን ተከራይ የሚሸሽ አከራይ አይጠፋም። ሥራ አስኪያጁ ግን ልጅ ተደብቆ ቤት ከገቡ በኋላ ብቅ ካለ ጠብ እንደሚሆን፣ በእንግድነት አብሮ ከመጣ ግን አከራዮቹ ራሳቸው እንደሚያጫውቱት ነገሩኝ። የሳቢያኗ አከራያችን ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው ተምር ሲሰጡት ጉዳዩ ግማሽ ያህል ማለቁ ገባኝ።

የንግግሩ ሥርዓትም ተነግሮናል። ሰላምታው ሳያልቅ ዋጋ አይነሳም፤ የቤቱ ጉድለት በመጀመሪያው ጉብኝት አይዘረዘርም፤ እማማ የሚባሉት እማማ፣ ሐጂ የተባሉት ሐጂ ይባላሉ። የቀረበልንን ሻይ ሳንቀበል መሄድ እንደ ንቀት ይቆጠራል። ከሁሉ በላይ ግን ቢሮው ከተጠየቀው ኪራይ በላይ ጨምሮ ማቅረብን ይከለክላል። ተፎካካሪ ሲበዛ ጨምሮ መውሰድ አቋራጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ሳይጠየቅ የጨመረ ሰው አከራዩን ያስጠረጥራል፤ «ይህ ሰው ለምን ይቸኩላል? ቤቱን ለምን ሊያውለው ነው?» ያሰኛል፤ በተጨማሪም የሰፈሩን ዋጋ ለሚቀጥለው ሰው ያንራል። አከራያችን ይህንኑ በራሳቸው አንደበት አረጋገጡልኝ። ከእኛ በፊት የመጣ አንድ ሰው ብዙ ጨምሮ እንደነበር ሲያጫውቱኝ፣ «ልጄ፣ ገንዘቡንማ ማንም ያመጣዋል፤ እኔ የምፈልገው ሲመሽ በሬን የሚዘጋልኝ፣ ብታመም ሰው የሚጠራልኝ ነው» አሉ። ከዚህ በኋላ ኪራይ ላይ ብዙም አልተከራከርንም።

የአከራይ ፍርሃት በድሬዳዋ በዋናነት ውሃና መብራት ላይ ያርፋል፤ ቢሮውም ከሁሉ የተሻለ የሚያውቀው ይህንን ነው። የከተማዋ ውሃ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ ካልሲየም ስለሚበዛበት ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ድንጋይ ይሠራል፣ የገላ መታጠቢያውን ቀዳዳ ይደፍናል፤ በብዙ ሰፈር ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አከራይና ተከራይ በአንድ ግቢ ሲኖሩ የሚጠቀሙት ከአንድ ሮቶ ነው። ስለዚህ አራት ሰው ይዞ የሚመጣ ተከራይ በአከራዩ ዓይን የሚታየው ከሮቶው በሚጎድለው ውሃ ልክ ነው። ቢሮው የመከረኝ ጥያቄውን ሳልጠብቅ እኔው እንዳነሳው ነበር፤ የራሳችንን አነስተኛ ሮቶ እንደምናስቀምጥ፣ ልብስ የምናጥበው ውሃ በሚመጣበት ቀን እንደሆነ፣ የተደፈነ ቧንቧ በራሳችን ወጪ እንደምናስጠርግ። ይህን ስናገር አከራያችን ፊታቸው ሲፈታ አይቻለሁ። ሮቶው የጠየቀው ወጪ ትንሽ አይደለም፤ ነገር ግን በየወሩ ከሚጨመር ኪራይ ጋር ሲነጻጸር ይቀላል፣ ስንለቅም ይዘነው የምንሄደው ንብረት ነው።

መብራቱም እንዲሁ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ያለ ቬንቲሌተር መተኛት ለእንግዳ ሰው የማይታሰብ ነገር ነው፤ ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ግን የቬንቲሌተሩ መሽከርከር ራሱ የጠብ ምንጭ ይሆናል። ኤሲ ይዞ የሚመጣ ተከራይማ ብዙ በር ይዘጋበታል። ቢሮው ለተከራዩ ክፍል ብቻ የሚቆጥር ሁለተኛ ቆጣሪ በተከራዩ ወጪ እንዲገባ ሐሳብ ያቀርባል፤ ኤሌክትሪሺያንም ያገናኛል። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው። ቆጣሪው ከገባ ወዲህ በወሩ መጨረሻ ቁጥሩን አብረን አንብበን እንከፍላለን፤ ክርክር የለም። አንድ ነገር ልጨምር፤ በሙቀቱ ወራት ማታ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ ግቢ ወጥቶ ነው የሚያመሸው፤ ስለዚህ ግቢው በተግባር የጋራ ሳሎን ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ልጆች እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጫወቱ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል፤ ቢሮው ይህን ሳያነሳ ማለፉ አስገርሞኛል።

ወደ ደካማው ጎን ልመለስ። ቢሮው የተከራዩን ማንነት የሚመረምረውን ያህል የአከራዩን አይመረምርም። ከዚራ ውስጥ አንድ ባለ ሰፊ በረንዳ ቤት አሳይተውን ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ነፋስ የሚያናፍሰው፣ ባለቤቴ ገና ከበሩ የወደደችው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ እንዲታይ ስጠይቅ ግን ሊያከራዩን የመጡት ሰው ራሳቸው የቀበሌ ቤት ተከራይ መሆናቸው ታወቀ። የመንግሥት ቤት ተከራይቶ ለሌላ ማከራየት የሚያስከትለውን ጣጣ የሚሸከመው መጨረሻ ላይ ገብቶ የሚኖረው ሰው ነው፤ ዕቃውን ይዞ የሚወጣው እርሱ ነው። ደላላው ካርታ በመጠየቄ ተቀየመኝ፤ «አቦ፣ ሰውን እንዲህ አይጠረጥሩም» አለኝ። ከእኔ የፋይዳ ቅጂ፣ የደመወዝ ደብዳቤና ዋስ የጠየቀ ቢሮ ከሌላው ወገን አንዲት ካርታ መጠየቅን ጥርጣሬ ማለቱ ሚዛኑ ወዴት እንዳዘነበለ ያሳያል። ባለቤቱ ጅቡቲ ወይም ዓረብ አገር የሚኖርበት ቤት በዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም፤ በዚህ ጊዜም ያከራየው ወንድም ወይም እኅት የተመዘገበ ውክልና እንዳላቸው ማየት የግድ ነው። ይህንንም እኔ ነኝ የጠየቅሁት።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለ ቤትም አሳይተውናል፤ «ነፋሻ ነው፣ ለመጋላ ገበያም ቅርብ ነው» ተብሎ። ነፋሻነቱ እውነት ነው። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የወረደው የደቻቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎች የገደለባት ከተማ ውስጥ፣ ከዚያ ወዲህ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ቢሠራም፣ ለእንግዳ ሰው ቤቱ ከወንዙ በምን ያህል ርቀትና ከፍታ ላይ እንዳለ ሳይነገረው መቅረት የለበትም። የድሬ ልጅ ያውቀዋል፤ ከውጭ የመጣው ግን በበጋ ደረቅ አሸዋ አይቶ ሜዳ ይመስለዋል።

ከሁሉ የከበደው ጉድለት ውሉ ላይ ነው። ቢሮው ያቀረበልን የውል ቅጽ ሁለት ገጽ የማይሞላ ነው። የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃል፤ አከራዩ «እንደ ገበያው ሁኔታ» ኪራይ እንዲጨምር ይፈቅዳል፤ ቤቱን በፈለገ ጊዜ በአንድ ወር ማስታወቂያ እንዲያስለቅቅ ይፈቅዳል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚለው ግን ሌላ ነው። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ በተቆጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይፋ በሚደረገው መጠን መሠረት እንዲሆን፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸም ያዛል። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ሳነሳ፣ «እዚህ በመተማመን ነው የሚሠራው፤ ይህን ካነሳህ ቤቱን ታጣዋለህ» የሚል መልስ አገኘሁ።

ማስፈራሪያው መሠረት የለውም ለማለት አልችልም። አከራዮች ምዝገባን የሚሸሹት በአብዛኛው ግብርን ፈርተው ነው፤ በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የኪራይ ገቢ በሠንጠረዥ «ለ» ግብር ይከፈልበታል፣ የተመዘገበ ውል ደግሞ ገቢውን ይገልጠዋል። ነገር ግን ጉዳዩን ራሴ ለአከራያችን ሳቀርበው ነገሩ ቢሮው እንዳለው አልሆነም። ሕግ ጠቅሼ አልጀመርሁም። እማማ፣ ኪራዩ በየወሩ በባንክ ቢገባልዎት ማን ከፈለ ማን አልከፈለም የሚል ክርክር አይኖርም፤ ሁለት ዓመት ብንቆይ በየስድስት ወሩ አዲስ ሰው መፈለግ ይቀርልዎታል፤ ብናጠፋ ደግሞ የሚያስጠይቁበት ወረቀት ይኖርዎታል አልኋቸው። ልጃቸውን በስልክ አማከሩ፤ ልጁም ውሉ ቢመዘገብ ለእናቱም የተሻለ እንደሆነ ተናገረ። በሁለት ወር ቅድመ ክፍያ ተስማማን፣ ውሉንም አስመዘገብን። ከአከራዩ በላይ ለአከራዩ የተጨነቀው ቢሮው ሆኖ ተገኘ፤ ምክንያቱን ለመገመት አይከብድም፤ ተከራይ ቶሎ ቶሎ ሲቀያየር ኮሚሽንም ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ ቢሮው ራሱ ከጀመረው መንገድ የቀረው ይመስለኛል። ሕጋዊ ውል ይዞ የሚመጣ ተከራይ፣ አነጋገሩን ካወቀበት፣ በአከራይ ዘንድ አስቸጋሪ ሳይሆን አስተማማኝ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። በፋይሉ ውስጥ ከደመወዝ ደብዳቤው ቀጥሎ በአዋጁ መሠረት የተዘጋጀ ንጹሕ የውል ረቂቅ ቢኖር፣ ከእርሱም ጋር የቧንቧውን፣ የመስኮቱን፣ የቁልፉን፣ የኮርኒሱን ሁኔታ የሚዘረዝር የርክክብ ወረቀት ቢያያዝ፣ ቢሮው የሚኮራበት ሥራ የተሟላ ይሆን ነበር። የርክክብ ዝርዝሩን የሠራነው እኛው ነን፤ ክፍሎቹን በስልክ ፎቶ አንስተን፣ ሁለታችንም ፈርመንበት አያያዝነው። አከራያችን ይህንም አልጠሉትም፤ እንዲያውም ሰርቪስ ቤቱን ለተከራየው ልጅ ተመሳሳዩን እንድሠራለት ጠየቁኝ።

ክፍያውን በተመለከተ፣ ቢሮው ከተከራይም ከአከራይም ከአንድ ወር ኪራይ ላይ አሥር በመቶ ይወስዳል፤ ለፋይሉ ዝግጅትና ለማስጎብኘት ደግሞ ለየብቻ ያስከፍላል፤ የባጃጁም ሒሳብ የተከራዩ ነው። የፋይሉ ክፍያ ይገባቸዋል፤ ሠርተውበታል። የማስጎብኛው ግን ቤት ሲገኝ ከኮሚሽኑ ላይ መቀነስ ነበረበት፤ አለዚያ ደላላው የማይሆኑ ቤቶችን እያዞረ ማሳየቱ ያተርፈዋል። «ሌላ ሰው ዛሬ ማታ ቀብድ ሊሰጥ ነው» የሚለው አነጋገርም በየቤቱ ይደጋገማል፤ በሁሉም ቤት ሌላ ሰው ስለነበረ ከጥቂት ጉብኝት በኋላ አላመንሁትም። ለከፈልሁት ደረሰኝ ያገኘሁት ከተጨቃጨቅሁ በኋላ ነው።

አገልግሎቱ ለማን ይጠቅማል ለሚለው መልሴ እንደየሰዉ ነው። ቋሚ ሥራ ያለው፣ ባለትዳር፣ ከውጭ ተመድቦ የመጣ፣ በከተማው ዘመድ የሌለው ሰው ቢሄድበት አያጣም። ላጤ ወንድ ከሆነ ግን ቢሮው እምብዛም አይደክምለትም፤ መዝገቡ ላይ ጽፎ ይተወዋል። ከእኔ ጋር በወረፋ የጠበቁ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጃገረዶች፣ አንድ ክፍል በጋራ ሊይዙ የፈለጉ፣ «አከራይ ብዙ ሰው አይወድም» ተብለው ተመለሱ። ለእነርሱ ከአሠሪያቸው የጋራ የዋስትና ደብዳቤ ማውጣት፣ ሁሉም ስማቸው በውሉ ላይ ሰፍሮ አንዷ ብትለቅ ቀሪዎቹ ሙሉውን ኪራይ እንደሚከፍሉ መጻፍ ይቻል ነበር። አከራይ የሚፈራው ብዛታቸውን ሳይሆን ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ አለማወቁን ነው፤ ያ ደግሞ በወረቀት የሚፈታ ነው። ቤት ማግኘት በጣም የሚቸግረው ሰው አነስተኛ ድጋፍ የሚያገኝበት አገልግሎት መሆኑ ከነጥቡ ላይ ያስቀንሰዋል።

ወደ ቢሮው የሚሄድ ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የኮሚሽኑንና የማስጎብኛውን ሒሳብ በጽሑፍ ይቀበል፤ የሚሰጣቸውን ቅጂዎች በእያንዳንዳቸው ላይ «ለቤት ኪራይ ብቻ» ብሎ ይጻፍባቸው፤ የቤቱን ካርታ ወይም ውክልና ሳያይ ቀብድ አይስጥ፤ ውሉንም ወደ ቤቱ ወስዶ ያንብበው። እኔ ቤቱን ከያዝሁ በኋላ ፋይሌ እንዲመለስልኝ ጠይቄ ነበር። የፋይዳ ቅጂውንና የጋብቻ ማስረጃውን መለሱልኝ፤ የባንክ መግለጫው ግን «ምናልባት ሌላ ጊዜ ቤት ብትቀይር ይጠቅምሃል» ተብሎ እስካሁን እዚያው ነው።